አታሪ፣ ከጨረር የሚሽቀዳደመው ማሽን

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ስለ አታሪ ብትጠይቁ ከሁለት መልስ አንዱን ታገኛላችሁ። ወይ «የጃፓን ኩባንያ አይደል?» ይሏችኋል፣ ወይ «ያ ጌሞቹን በረሃ ውስጥ የቀበረው!» ይሏችኋል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ከአታሪ ታሪክ ትንሹ ቁራጭ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ዋናው ነገር ሳይነሳ መቅረቱ ነው፤ ሥዕል የሚያስቀምጥበት ቦታ በሌለው ማሽን ላይ ሥዕል ያወጡ ሰዎች እዚያ ቤት ነበሩ፤ ኩባንያው ግን ሊያቆያቸው አልቻለም።

የታወቀውን ቶሎ ልበለው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ አታሪን በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ አቋቋሙ። አል አልኮርን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ፖንግ የተባለውን የኳስ ጨዋታ ሠራ፤ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተብለው ሄደው ቢከፍቱት ሳንቲም ጢም ብሎበት ነበር። የኳሷ ጨዋታ ግን ቀድሞ በራልፍ ቤር ሥራ፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ በተባለው የቤት ማሽን ላይ ስለነበረ ክስ ተከተለና በ1976 በስምምነት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ኩባንያውን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ1977፣ በኋላ 2600 የተባለው የቤት ማሽን ወጣ፤ በዕድሜው 30 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ።

የ2600 ሜሞሪ 128 ባይት ነው። ኪሎባይት አይደለም፣ ባይት። ስልካችን ዛሬ አንዱን የግዕዝ ፊደል የሚይዘው በ3 ባይት ነው። «ጎፋ ማዞሪያ ደርሻለሁ፣ የት ነህ?» የሚለውን መልእክት እዚህ ማሽን ውስጥ ሁለቴ ብታስገቡት ይገባል፤ ሦስተኛው አይገባም። በዚህች ቦታ ላይ ነጥቡ፣ የተጫዋቹ ሕይወት፣ የጠላቶቹ አቀማመጥ፣ ሁሉም መቀመጥ አለበት።

ሥዕሉስ? ዛሬ ማንኛውም ማሽን መጀመሪያ ሥዕሉን በሜሞሪው ውስጥ ሠርቶ ይጨርስና ወደ ስክሪኑ ይልከዋል። የ2600ን ስክሪን፣ 160 በ192 ነጥብ፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ እንኳ ለማስቀመጥ 3,840 ባይት ያስፈልጋል፤ ካለው 30 እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙሉው ሥዕል ማሽኑ ውስጥ የትም የለም። ጀርባው የገፋ የድሮ ቴሌቪዥን ውስጥ አንድ ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ፣ መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ያደርገዋል። መሐንዲሱ ጄይ ማይነር ሥራውን የመራው የሥዕል ቺፕ የሚያውቀው ጨረሩ አሁን ያለበትን አንድ መስመር ብቻ ነው። ለዚያች መስመር ያለው ዕቃም ጥቂት ነው፤ 8 ነጥብ የሚሰፉ ሁለት ቅርጾች፣ ሁለት ጥይት፣ አንድ ኳስ፣ ከኋላ ደግሞ የግድግዳ መልክ ያለው መደብ። ቀጣዩ መስመር ሌላ መልክ እንዲኖረው ፕሮግራሙ ጨረሩ ሳይደርስበት ቀድሞ መለወጥ አለበት። ሸማኔ ጥለቱን ክር በክር እንደሚያወጣው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መወርወሪያው ማንንም አይጠብቅም።

ለአንድ መስመር ፕሮሰሰሩ ያለው ጊዜ 76 የሰዓት ምት ነው። ትንሿ ትእዛዝ 2 ምት ትበላለች፤ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ፕሮግራመሩ እያንዳንዷን እየቆጠረ ይጽፋል። አንድ ትእዛዝ ካረፈደ ቅርጹ ተቆርጦ ወይም ተንሸራቶ ይወጣል።

ሳሪስ ቴሌቪዥን የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። አንድ ቀን ቨርቲካሉ የሞተ ቲቪ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሥዕሉ ሁሉ ተጨፍልቆ ስክሪኑ መሐል አንዲት የምታበራ መስመር ቀርታለች። «ይኸው፣ አታሪ ከዓለም የሚያየው ይህቺን ብቻ ነው» አልኩት። ዞር ብሎ መስመሯን ትንሽ አየና «ታዲያ ቀሪውን ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። ማንም አያስታውሰውም፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራል።

በ1980 የወጣውን የስፔስ ኢንቬደርስን የቤት ጨዋታ ተመልከቱ። ስክሪኑ ላይ 36 ጠላቶች ተሰልፈዋል፣ 6 በ6። ቺፑ ያለው ሁለት ቅርጽ አልነበረም? እያንዳንዱን ቅርጽ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ማባዛት ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት። ጨረሩ የመጀመሪያውን ረድፍ አልፎ ሲወርድ ፕሮግራሙ እነዚያኑ ሁለት ቅርጾች መልካቸውን ለውጦ ለሁለተኛው ረድፍ ያሰልፋቸዋል። በዚህ ሁኔታ እስከ ስድስተኛው ይወርዳል። ጨዋታው ራሱ፣ ማን ተመታ፣ ማን ተንቀሳቀሰ የሚለው፣ በአብዛኛው የሚሰላው ጨረሩ ከስክሪኑ ውጪ ባለበት ቅጽበት ነው፤ ጨረሩ በአንድ ዙር ከሚያልፋቸው 262 መስመሮች ሥዕል በሌላቸው 70 ገደማ ውስጥ። እኛ አገር የገባው ቴሌቪዥን ፓል የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ 312 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ። ለአሜሪካ የተሠራ ካሴት እዚህ ሲሰካ ቀለሙ የሚበላሸው ወይም ሥዕሉ የሚንከባለለው ለዚህ ነው።

ካሴት ካነሳሁ አይቀር፣ እባካችሁ እፍ አትበሉበት። ቲቪ ጌም ይዘን ያደግን ሁሉ ያለብን ክፉ ልማድ ነው። የምራቅ እርጥበት የመዳቡን ጥርስ ያዝገዋል፤ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው የሚያሠራው እንጂ እፍታው አይደለም። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥርሱን ጠረግ አድርጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ስኩት።

ከጨረሩ ጋር የሚሽቀዳደመውን ፕሮግራም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ አታሪ ግን ስሙን ሣጥኑ ላይ አያወጣም ነበር። ዋረን ሮቢኔት አድቬንቸር በተባለው ጨዋታው ውስጥ ስሙን በሚስጥር ክፍል የደበቀው ለዚህ ነው። በ1979 ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አላን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ ወጥተው ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ እዚያ የሠሪው ስም በግልጽ ይጻፍ ነበር። ክሬን በ1982 ባወጣው ፒትፎል ላይ 255 የጫካ ትዕይንቶች አሉ፤ አንዳቸውም ካሴቱ ውስጥ አልተቀመጡም፤ አጭር ስሌት ከአንዱ ቁጥር ቀጣዩን እያወጣ ይፈጥራቸዋል።

በረሃው ውስጥ የተቀበረው ኢ.ቲ. የተባለው ጨዋታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው ጨዋታውን ለመሥራት የተሰጠው 5 ሳምንት ብቻ ነበር፤ ለገና ገበያ መድረስ ስላለበት። እሱን መውቀስ ግፍ ነው። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረው ገበያው ከሚችለው በላይ አምርቶ፣ መደብሮችም በየአቅጣጫው በመጣ ደካማ ጨዋታ ተጨናንቀው ስለነበር ነው። ካሴቶቹ የተቀበሩበት ቦታ በ2014 ሲቆፈር የሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ካሴትም አብሮ ወጥቷል።

አታሪ ስለሠራቸው ኮምፒውተሮች ብዙ አልልም፤ ግሩም ነበሩ። 400 እና 800 በ1979 የጄይ ማይነርን እጅ ይዘው ወጡ። በ1984 ጃክ ትራሚየል የአታሪን የቤት ማሽኖች ክፍል ገዝቶ በዓመቱ ኤስቲ የተባለውን ኮምፒውተር አመጣ፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያገናኘው የሚዲ መሰኪያ አብሮት ስለተሠራ በሙዚቃ ስቱዲዮዎች ውስጥ ረጅም ጊዜ ኖሯል። በ1996 ኩባንያው ጄቲኤስ ከሚባል የዲስክ አምራች ጋር ተቀላቀለ፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል።

ኩኩሉ የተባለውን ጨዋታ ለስልክ የሠሩትን የቅኔ ጌምስን ልጆች መንገድ ለመከተል የምትፈልጉ ካላችሁ 2600ን ሳታዩ አትለፉ። ስቴላ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ። ጨዋታው እየሄደ ሳለ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ይቆምና ውስጡ ይከፈታል። እዚያ ጨረሩን አንድ መስመር ብቻ የሚያስኬድ ቁልፍ አለ። ስፔስ ኢንቬደርስን ክፈቱና ከላይ ጀምራችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ እስከ ስድስተኛው ረድፍ አውርዱት።