የደም ጉዞ በፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ፤ የምስል ምርመራ ምን ያሳየናል?

በሥነ ሕይወት ትምህርት ፒቱታሪን «የዕጢዎች አለቃ» እያልን እናስተምራለን። ክብደቱ ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን የሰውነትን እድገትና የሌሎች ዕጢዎችን ሥራ ይቆጣጠራል። በዚህ ዕጢ ላይ እባጭ ሲበቅል ሐኪሙን የሚያሳስበው የእባጩ መጠን ብቻ አይደለም፤ ደሙ ከየት መጥቶ እንዴት እንደሚያልፍም ጭምር ነው። ይህን ጉዳይ ከጎረቤታችን ከኬንያ ዋና ከተማ ተነሥተን እናብራራለን።

በናይሮቢ የሚገኘው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1901 በ40 አልጋዎች ሥራ ጀመረ። ዛሬ የአገሪቱ ታላቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። እዚህም ሆነ በዚያው ከተማ ባለው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በማግኔት ኃይል የሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። ራስ ምታት የጠናበት፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ያለውን ማየት የተሳነው በሽተኛ ሲመጣ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የፒቱታሪ እባጭ ነው። እባጩ ከዕጢው በላይ የሚሻገሩትን የዓይን ነርቮች ሊጫን ይችላልና።

የደሙ መንገድ

ናይሮቢ የሚጠጣው የንዳካይኒ ግድብ ውኃ በቀጥታ ወደየቤቱ አይገባም፤ በመጀመሪያ በማጣሪያ ጣቢያ ያልፋል። ወደ ፒቱታሪ የፊት ክፍል የሚሄደው ደምም አብዛኛው እንዲሁ መካከለኛ ጣቢያ አለው። ከካሮቲድ ደም ቅዳ ቅርንጫፎች ተነሥቶ መጀመሪያ ከሃይፖታላመስ ግርጌ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰራጫል። ከዚያም ሆርሞኖችን ተሸክሞ ቁልቁል በመውረድ በዕጢው ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይሰራጫል። ልዩነቱ የውኃ ጣቢያው ቆሻሻ ሲቀንስ ሃይፖታላመስ ግን መልእክት መጨመሩ ነው። የዕጢው የኋላ ክፍል በበኩሉ ደሙን በቀጥታ ከደም ቅዳ ያገኛል።

ጊዜን የሚያሳይ ምስል

በሽተኛው በማሽኑ ውስጥ እንደተኛ ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በክንዱ ደም መልስ በኩል ይሰጠዋል። ፈሳሹ የደረሰበት ቦታ በምስሉ ላይ ይነጣል። ማሽኑም በየጥቂት ሴኮንዱ ያነሣል። ጤነኛው የዕጢ ክፍል ቶሎ ሲነጣ ትንሹ እባጭ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ በነጩ መካከል እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ግን እባጩም ስለሚነጣ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ከ10 ሚሊሜትር ያነሰ እባጭ ዘግይቶ በተነሣ አንድ ምስል ላይ ሊሰወር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ካልተለየ የሚያስከትለው አደጋ

ሁለቱ ካሮቲዶች በዕጢው ግራና ቀኝ ያልፋሉ። የደም ቅዳ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ አኑሪዝም ይባላል፤ በዚህ ቦታ ሲደርስ እባጭ ሊመስል ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል ገብቶ እባጭ መስሎት ቢከፍተው በሽተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የደም ሥሮቹ በምስል መታወቅ አለባቸው። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ ያሳየው የሚነጣ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ደም ቅዳ በመውጋት ነበር። ዛሬ በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ አማካይነት ደም ቅዳውን ሳይወጉ ማየት ይቻላል።

እባጩ ራሱም በድንገት ሊደማ ይችላል። ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታትና የማየት መሳን አብረው ከመጡ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለክፍል ሥራ

እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ አንዱን ከሶፍት፣ ሌላውን ከደብተር ወረቀት ቆርጣችሁ ጫፋቸውን በቀለም ውኃ ውስጥ አቁሙ። ቀለሙ የደረሰበትን በየ10 ሴኮንዱ መዝግቡ። ከዚያም የሚከተሉትን መልሱ፦

1. ሁለቱም ቀለሙን ከጠጡ በኋላ ብቻ ያየ ተማሪ ምን ያመልጠዋል?
2. ከሁለቱ እባጩን የሚመስለው የትኛው ነው? ለምን?