መብራቱን ማን ይያዝ?

ውርጌሳ ላይ መሸትሸት ሲል በጎኑ የተጋደመ ባጃጅ ብታዩ «ተገለበጠ!» ብላችሁ አትሩጡ። ባለቤቱ ሆዱን ሊያይ አስተኝቶት ነው። አጠገቡ አንድ ልጅ ቆሟል፤ እጁ ላይ ስልክ፣ ስልኩ ላይ መብራት። «ወዲህ አድርጋት» ይባላል፣ ያደርጋል። «ኧረ ዓይኔን አጠፋኸው!» ይባላል፣ ያዞራል። ጥቂት ቆይቶ ሐሳቡ ይሸፍታል፤ ብርሃኑም አብሮት ይሸፍታል፤ ይኼኔ የተፈታችው ቡሎን ከጣት አምልጣ አፈር ውስጥ ትገባለች። «አብሽር ጋሼ፣ እፈልጋታለሁ» ይላል ልጁ። ፍለጋው ከጥገናው ይረዝማል።

ስለ ጥገና መብራት ልጽፍ ስነሣ መጀመሪያ የታየኝ የዚያ ልጅ የደከመ ክንድ ነው።

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ውጫሌ ታልፋ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ሲኖትራኩም፣ አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም በደጇ ያልፋል። ባጃጅ ቀን ቆመ ማለት የዕለት ገቢ ቆመ ማለት ስለሆነ ጥገናው ወደ ማታ ይገፋል። ካንዴላ መቀየር፣ የፍሬን ሸራ ማየት፣ የላላ ገመድ ማጥበቅን የመሰለ ትንንሽ ሥራ ደግሞ ጋራዥ ሳይኬድ እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የቤት መኪና ያለውም ሰው አሮጌውን ማስታመም ግድ ሆኖበታል።

የዚህ ሙያ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ። ከሁሉ የምትገርመኝ ካንዴላ ናት፤ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሳይንስም የብርሃንን ጥንካሬ የሚለካበትን አሃድ በዚያው ቃል ካንዴላ ብሎታል። ማታ ባጃጅ ሥር የተኛ ሰው እንግዲህ አንዱን ሻማ ለመፍታት ሌላ ሻማ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ድምቀት ነው። «ይቺ 5 ሺህ ሉመን ናት፣ ሌሊቱን ቀን ታደርገዋለች» ይላል። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ነው። ሥራ ላይ የሚቆጠረው ግን የወጣው ሳይሆን ቡሎኗ ላይ የደረሰው ነው። ብርሃን በራቀ ቁጥር ይበተናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። አበታተናቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ከ2 ሜትር ርቀት የሚያበራ 1,600 ሉመን ፓውዛና ከ50 ሳንቲሜትር የሚያበራ 100 ሉመን መብራት ቡሎኗ ላይ እኩል ናቸው። በዚያ ላይ ፓውዛው ከኋላችሁ ስለሆነ የራሳችሁ ጭንቅላት ጥላ ቀድሟችሁ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያበራል?» ሳይሆን «በምን ይቆማል?» ነው ባይ ነኝ። መንጠቆ ያለው መብራት ኮፈን ላይ ይንጠለጠላል። ማግኔት ያለው ብረት ላይ ይለጠፋል፤ ነገር ግን ማግኔት አልሙኒየምና ፕላስቲክ አይዝም። የባጃጅ ሞተር አካል አልሙኒየም ስለሆነ መብራቱ ቦዲው ወይም ሻንሲው ላይ ነው የሚለጠፈው። አንገቱ የሚተጣጠፍ ከሆነ ችግሩ ይቃለላል። ማግኔቱ ደካማ የሆነውን ግን አትግዙ። መኪና ሥር በጀርባ ተኝቶ መብራት ፊት ላይ ሲወድቅ የሚሰማውን የቀመሰ ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ በሩ ላይ ለጥፋችሁ በሩን ዘጋ ከፈት ማድረግ ነውር የለውም።

ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት ዓይን የዞረበት ሁሉ ይዞራል፤ ሁለት እጅ ነፃ ያወጣል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ አይከብድም። እንከኑ ብርሃኑ ከዓይን ጋር በአንድ መስመር መምጣቱ ነው። ጥላ ስለማይፈጥር ስንጥቅና ቀጭን የዘይት እርጥበት ተደብቆ ያልፋል። ስንጥቅ የሚጋለጠው ብርሃን ከጎን ተጋድሞ ሲመጣ ነው፤ ማለዳ ፀሐይ የግድግዳን ጉድፍ ሁሉ እንደምታሳየው። ፍሳሽ ፍለጋ ላይ የግንባሩን አጥፍቶ አንድ መብራት ከጎን ማጋደም ይሻላል።

የድሮው መንገድ በኤክስቴንሽን ጫፍ አምፖል ማሰር ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። መጋጠሚያው ናስትሮ የተጠቀለለበት፣ አንዳንዴም የሽቦ ቀፎ የለበሰ የ220 ቮልት አምፖል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ባለ ሽቦው አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚቀየረው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ነው። በሞቀው መስታወት ላይ የውሃ ጠብታ ቢያርፍ ይሰነጠቃል፤ ቢወድቅ ይሰበርና የጋለው ሽቦ ራቁቱን ይቀራል። አጠገቡ ደግሞ ቤንዚን አለ። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ፍንጣሪ ካገኘ ይያያዛል፤ ናፍጣ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ጉድጓድ ካገኘም ገብቶ ይተኛል። በጎኑ የተጋደመ ባጃጅ ከካርቡሬተሩ ወይም ከክዳኑ ቤንዚን ማንጠባጠቡ የታወቀ ነው። በሃይላንድ ኮዳ የተገዛው ቤንዚን ከጎን ተቀምጦ ሰልባትዮውን በላይተር ወይም በኩራዝ የሚያይ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ላይተሩን ተቀበሉት፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል።

ኤልኢዲ ይህን አደጋ በእጅጉ ቀንሶታል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙትም ነጩን ብርሃን ስላስገኘልን ነው። የ60 ዋቱን አምፖል ብርሃን በ8 ወይም 9 ዋት ይሰጣል፤ ሲወድቅ የሚበጠስ ሽቦም የለውም። ማብሪያው ግን ያው ኤሌክትሪክ ነው፣ ፍንጣሪ ሊያወጣ ይችላል። ቤንዚን ከሸተታችሁ መብራቱን አብርታችሁ ከማስጠጋት ሽታው እስኪበተን መጠበቅ ነው።

ከመብራት ኃይል መስመር የሚሠራ ርካሽ ኤልኢዲ አንድ ስውር ጠባይ አለው፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም። ሞተሩ በርቶ ቺንጋው ወይም የአየር ማራገቢያው ሲሽከረከር ግን አልፎ አልፎ ፍጥነቱ ከመርገብገቡ ጋር ይገጥምና የቆመ ይመስላል። የቆመ መስሎት እጁን የሰደደ ሰው ጣቱን ያጣል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የስልክ ካሜራ ከፍታችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ጥቁር ጥቁር መስመሮች ከተንሸራሸሩበት ለግቢ ይሁን እንጂ ለሞተር አይሆንም።

በባትሪ ወደሚሠሩት እንምጣ፤ ውሸቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ባትሪ 18650 ትባላለች፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ጀርባዋ ላይ «9900» ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ታላላቆቹ አምራቾች ከዚህች መጠን የሚያወጡት 3,500 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 9900 የሚለው ጽሑፍ ራሱ አትግዙኝ እያለ ነው። እንዲህ ያለችው በእውነት 2,000 ብትይዝ እንኳ በ3.7 ቮልት 7 ዋት-ሰዓት ገደማ ናት፤ 5 ዋት መብራትን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብታበራ ነው። «5 ሺህ ሉመን» የሚለውንም በዚሁ ዘዴ ያዙት፤ ዋቱን ጠይቁ፤ አንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያወጣል ብላችሁ አስሉት። 5 ዋት መብራት 5 ሺህ ሉመን አያወጣም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በዚህ መንገድ ሲያልፍ አካባቢው ለወራት መብራት አልነበረውም። ያንን ጨለማ ያሳለፈ ሰው በግድግዳ ሶኬት ብቻ የሚሞላ መብራት ቢንቅ አይፈረድበትም። በስልክ ቻርጀር የሚሞላው ከሶላርም፣ ከመኪናም፣ ከፓወር ባንክም ስለሚሞላ ይመረጣል። መብራቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው መዳፍ የምታህል ሶላር ግን ብዙም አታስመካም። አንድ ዋት እንኳ ብታወጣ ያቺን ባትሪ ለመሙላት ቀኑን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ትፈልጋለች።

ሌላው ምንጭ የመኪናው የራሱ ባትሪ ነው። ባጃጅና አውቶሞቢል 12 ቮልት ናቸው፤ አይሱዙና ሲኖትራክ 24። የ12 ቮልቱን አምፖል አይሱዙ ላይ ያሰረ ሰው አንዴ ቦግ ሲል አይቶ ይሰናበተዋል። ከ10 እስከ 30 ቮልት የተጻፈባቸው ኤልኢዲዎች ለሁለቱም ይሆናሉ። ፖዘቲቩ ባትሪው ላይ፣ ኔጋቲቩ ከባትሪው ራቅ ብሎ ቦዲው ላይ ይታሰር፤ ሲሞላ የቆየ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚተነፍስ ፍንጣሪው ሩቅ ቢሆን ይመረጣል። መስመሩ ላይ ትንሽ ፊውዝ ማስገባትም አይርሳ።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል፤ የሚናቅ ነገር ነው። የተሳሳተ ብርሃን ቀዩን፣ ቡናማውንና ብርቱካንማውን ገመድ አንድ ያደርጋቸዋል። የፈሰሰው የሞተር ዘይት ይሁን የማርሽ ዘይት በመልኩ የሚለየውም ብርሃኑ እውነተኛ ሲሆን ነው። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚባል ቁጥር ይጻፋል፤ ከ100 ይታሰባል፣ 90 እና ከዚያ በላይ መልካም ነው። ካልተጻፈ ሦስቱን ገመዶች ቁራጭ ቁራጭ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና መብራቱ ሥር ዘርጓቸው። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ብርቱካንማ ገመድ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ስለሆነ፣ ቀለም መለየት ነገ ከነገ ወዲያ የሕይወት ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

ቀይ የሚያብለጨልጭ ሁነታ ያለው መብራት ሲገኝ ጥቂት ብር ብጨምርበት አይቆጨኝም። አስፋልት ላይ የተበላሸ መኪና በድንጋይና በቅርንጫፍ መታጠሩ፣ ጥገናው ሲያልቅ ደግሞ ድንጋዩ እዚያው ለቀጣዩ ሰው መተዉ የዚህ መንገድ የቆየ አመል ነው፤ ቀዩ መብራት ግን ከሩቅ ያስጠነቅቃል፣ ሥራው ሲያልቅም ከባለቤቱ ጋር ይነሣል።

ለውርጌሳ ግቢ እኔ የምመርጠው በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ ማግኔትና መንጠቆ ያለው፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ እውነተኛ 300 ወይም 400 ሉመን የሚሰጥ አንድ መብራትና አንድ የግንባር መብራት ነው። አቧራው ብዙ ስለሆነ አይፒ65 የተጻፈበት ቢሆን፤ 6 ቁጥሯ አቧራ አያስገባም፣ 5 ቁጥሯ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ናት።

መብራቱ ሻንሲው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ልጁ ሥራ ፈትቶ አይቆምም። ሁለት እጅ ተርፎታል። «ፒንሳዋን ያዝልኝ» ይባላል፤ ይይዛል። በሳምንቱ ካንዴላዋን የሚፈታው እሱ ነው፣ ጋሼው ደግሞ ከላይ ሆኖ «ቀስ በል፣ ጥርሷን እንዳትበላው» ይላል።