ከማሞቂያው ጎን ያለው ደብተር

በጨቅላ ሕፃናት የጽኑ ሕክምና ክፍል የማይመዘገብ ነገር የለም። ሞኒተሩ የልብ ምት ይቆጥራል። ነርሷ የሕፃኑን የሰውነት ሙቀትና በቀጭን ቱቦ የገባለትን ወተት በየሰዓቱ ቻርቱ ላይ ታሰፍራለች። እናትና አባት ግን ብዙ ጊዜ ዳር ቆመው ያያሉ። የወለዱትን ልጅ የሚያገላብጠውም የሚመግበውም ሌላ ሰው ነው። ለእነዚህ ወላጆች ከሚሰጡ ድጋፎች እጅግ ቀላሉ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ገጹ ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «9ኛ ቀን። 1,140 ግራም፤ ከትናንት 20 ግራም ጨምሯል። ወተት በየ3 ሰዓቱ 8 ሚሊ ሊትር። ጣቴን ያዘኝ። ጥያቄ፦ ትንፋሹ ቆም እያለ ማሽኑ የሚጮኸው እስከ መቼ ነው?»

አምስት አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ሥራ አላቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ መቀነሱ የተለመደ ነው። ይህን ያልሰማች እናት በየማለዳው ሚዛኑን ባየች ቁጥር ትደነግጣለች። የሁለት ሳምንት ቁጥር ተደርድሮ ሲታይ ግን መውረዱም መልሶ መጨመሩም ይለያል። ጥያቄውም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪሞች ለጠዋቱ ዙር ሲመጡ ሌሊቱን ሲያብሰለስል ያደረውን ይረሳል፤ የተጻፈ ጥያቄ ግን ይጠየቃል፣ መልሱም ከሥሩ ይሰፍራል። የትንፋሽ መቆራረጡን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አተነፋፈስን የሚመራው የአንጎል ክፍል ገና አለመጎልበቱ ነው፤ ሕፃኑ እየጠነከረ ሲሄድ ይቀንሳል።

«ጣቴን ያዘኝ» የሚለው በቻርቱ ላይ አይገኝም። ያንን የሚጽፈው ወላጅ ብቻ ነው።

መጻፍ ጭንቀትን ያቀል እንደሆነ ተመራማሪዎች ፈትሸዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ያለፈባቸውን ክፉ ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ ያነሰ ነበር። ወዲያው ጽፈው ሲነሡ ግን ሐዘናቸው በርትቶ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ሌስሊ ባሪና ጆርጅ ሲንገር ይህንኑ ልጆቻቸው ከጽኑ ሕክምና ክፍል በወጡላቸው እናቶች ላይ ሞክረው፣ የጻፉት እናቶች ጭንቀት መቀነሱን አሳይተዋል።

በካናዳ ደግሞ ወላጅ መዝጋቢ የሚሆንበት አሠራር አለ። በቶሮንቶው ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል በዶክተር ሹ ሊ መሪነት በተጀመረው የእንክብካቤ ስልት፣ ወላጆች ሥልጠና ወስደው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ከልጃቸው ጋር ይሆናሉ፤ ይመግባሉ፣ ያለብሳሉ፣ በቻርት ይመዘግባሉ፣ በሐኪሞች ዙር ላይም ይናገራሉ። በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በሚገኙ 26 ክፍሎች ተሞክሮ፣ ሕፃናቱ የተሻለ ክብደት ጨመሩ፣ የወላጆቹም ጭንቀት ቀነሰ። ለውጡ ከመመዝገቡ ብቻ የመጣ አይደለም፤ መመዝገቡ ግን ወላጁን ከተመልካችነት ካወጡት ሥራዎች አንዱ ነው።

ልጅን በደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍም፣ ማለትም በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረውና በአገራችን ሆስፒታሎችም የሚሠራበት የካንጋሩ እንክብካቤ፣ በደብተሩ ቦታ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ይህ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል ይላል። ሰዓቱን የሚጽፉ እናትና አባት ማን መቼ እንደሚያቅፍ ተራ ለመከፋፈል ይቀላቸዋል።

ደብተሩ ከቤት ለሚመጣው ጥያቄም ይረዳል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የሚደውሉ ዘመዶች ሁሉ ስለ ሕፃኑ ይጠይቃሉ። አራሷ ያንኑ ወሬ አሥር ጊዜ ከምትደግም፣ ባሏ ወይም እህቷ ከገጹ አንብበው ቢመልሱላት ትንሽ ታርፋለች። መጻፍ የማትችል እናት በስልኳ ድምፅ መቅዳት፣ ወይም እየተናገረች ማስጻፍ ትችላለች። አባትም የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል፤ ለመጠንከር ሲል ያልተናገረው ብዙ ነው።

ማንም ወላጅ እንዲጽፍ ግን አይገደድም። ደብተር ሕክምናን አይተካም፤ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ተስፋ መቁረጥ ከበረታ፣ ወደ ሕፃኑ መቅረብ ካስፈራ፣ ለነርስ ወይም ለሐኪም ዛሬውኑ መንገር ይገባል።

ቤት ከገቡ በኋላ ደብተሩ ለክትትል ቀጠሮ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተወለደበት ቀንና የእርግዝናው ሳምንት መጻፍ አለባቸው፤ የልጁ እድገት የሚለካው ያለ ጊዜው የመጣባቸው ሳምንታት ተቀንሰው ነውና። በ28 ሳምንት የተወለደ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከሦስት ወር ሕፃን ጋር ይነጻጸራል፤ ገና አልተቀመጠም ብላ የምትሰጋ እናት ይህን ስሌት ከገጹ ላይ ራሷ ልታሰላው ትችላለች።