«እችላለሁ» የሚል ልጅ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልጆቻችን ነው።

ብዙ ልጆች ከገጠር ወደ አሰላ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። በክፍል ውስጥ ግን መልሱን እያወቁ እጃቸውን አያወጡም። «ብሳሳት ይስቁብኛል» ብለው ይፈራሉ። የፈራ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም። ያልጠየቀ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ የቀረም ትምህርቱን እስከ ማቋረጥ ይደርሳል።

ታዲያ በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? በቁጣ አይመጣም። በምክር ብቻም አይመጣም። ከባድ ነገርን ከጓደኞች ጋር ጀምሮ በመጨረስ ይመጣል።

ምሳሌውን ከዚሁ ከአርሲ እንውሰድ። ከአሰላ በስተደቡብ የበቆጂ ከተማ አለች። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን በቡድን አሠለጠኑ። በቡድን ሲሮጡ፣ የደከመው የጓደኛውን እርምጃ እየተከተለ ይዘልቃል። ትናንት ያቃተውን ዳገት ዛሬ ይወጣዋል። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረው «ለካ እችላለሁ!» ይላል።

የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ካሸነፈች በኋላም ሁለተኛ የወጣችውን የደቡብ አፍሪካዋን ኤለና ሜየርን ጠበቀቻት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አያችሁ? እውነተኛ ድፍረት ሌላውን አይንቅም።

ሁሉም ልጅ ሯጭ አይሆንም። ዳገት ግን ብዙ ዓይነት ነው። ምንጭ ማጽዳት፣ ችግኝ መትከል፣ የደካማ ሰው ሰብል በደቦ ማጨድ፣ በክፍል ፊት ተራ በተራ ቆሞ ማስረዳት፣ እነዚህ ሁሉ ዳገት ናቸው። ሦስት ነገር ግን አትርሱ።

አንደኛ፣ ሥራው ከአቅማቸው ጥቂት ከፍ ይበል እንጂ አይጉዳቸው።

ሁለተኛ፣ ሴቶች ልጆች ለቤት ሥራ ተብለው አይቅሩ።

ሦስተኛ፣ በተሳሳተ ልጅ ማንም አይሳቅ።

እናንተስ ፊደል ስትቆጥሩ አላፈራችሁም ነበር? ከልጆቻችሁ እኩዮች ፊት «ሀ ሁ» ማለት ከብዷችሁ ነበር። ነገር ግን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተማራችሁ። ይኸው ዛሬ ይህን ገጽ ታነባላችሁ። ዛሬ ማታ ይህንኑ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።