ከምርት የወጡ ካሜራዎች ለጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ፦ በወላይታ ሶዶ ሁኔታ ሲታይ

በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ ሠርግ፣ የተማሪዎች ምረቃና በመስከረም ወር የሚከበረው ጊፋታ ለፎቶግራፍ አንሺዎች የገቢ ምንጭ ናቸው። ይሁን እንጂ ካሜራ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው የምንዛሪ ተመንን ይከተላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በእቁብ ገንዘብ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ወጣት፣ ያገለገለና ከምርት የወጣ ካሜራ ዋነኛው አማራጭ ሆኗል።

በዚህ ግዢ ቀዳሚው መመዘኛ የሌንሱ መግጠሚያ ነው። የካሜራው አካል በአገልግሎት ብዛት ያልቃል፤ በጥንቃቄ የተያዘ ሌንስ ግን ከበርካታ ካሜራዎች ዕድሜ በላይ ያገለግላል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው ኢ.ኤፍ. መግጠሚያ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ሌንስ በአስማሚ አማካኝነት በኩባንያው አዳዲስ መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይም ይሠራል። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ ቢሆንም፣ ገዢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች እንደ ዲ3100 ባሉ ካሜራዎች ላይ ቢገጠሙም በራሳቸው ትኩረት አያስተካክሉም። ዲ90 ግን በውስጡ ሞተር ስላለው ያሠራቸዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ የባትሪና የሚሞሪ ካርድ አቅርቦት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ትልቅ ሴንሰር ቢኖረውም፣ የሚቀበለው ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ እንደ ልብ አይገኝም። በ2010 የወጣው 60ዲ በአንጻሩ የተለመደውን ኤስዲ ካርድ ይጠቀማል፤ የባትሪው ዓይነት ኤልፒ-ኢ6 ለኋለኞቹ የካኖን ካሜራዎችም ያገለገለ ነው።

ከካሜራው አካል የተረፈው ገንዘብ በሌንስ ላይ ቢውል ውጤቱ በግልጽ ይታያል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ50 ሚሊ ሜትር ላይ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም። የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በአንጻሩ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በምሽት የሠርግ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ሌንስ በ1/10 ሰከንድ የሚያነሳውን፣ ሁለተኛው በ1/100 ሰከንድ ያነሳል። የጨፋሪዎች ፊት መደብዘዙ ወይም ጥርት ብሎ መታየቱ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

ከክፍያ በፊት ሦስት ፍተሻዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት በማሳለፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩ ይረጋገጣል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ነጭ ግድግዳ በማንሳት የሴንሰሩ ንጽሕና ይታያል። ሦስተኛ፣ በተለያየ ፍጥነት በማንሳት ሸተሩ በትክክል መሥራቱ ይፈተሻል። የ60ዲ ሸተር ለ100,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግል የተሠራ በመሆኑ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ለምን ሥራ ይጠቀምበት እንደነበር መጠየቅም ተገቢ ነው።

ግዢው ከተፈጸመ በኋላ የክረምቱ እርጥበት ለሌንስ አደገኛ ነው። እርጥበት መጣጭ ከረጢት ባለበት፣ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታን ይከላከላል። በዚህ መንገድ የተያዘ ሌንስ፣ የመጀመሪያው ካሜራ ሲያረጅ ለቀጣዩ ካሜራ መነሻ ካፒታል ይሆናል።