ከኳታር ሳተላይት ገመድ ቢለቀቅ የት ይወርዳል?

ዶሃ ላይ የኳታርን ሳተላይት ኢስሃይል-2ን ለመያዝ ዲሽ የሚተክል ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አፍሪካ ያዞራል። ዲሹን ከአድማስ 49 ዲግሪ ያህል ቀና ያደርግና ብሎኑን ያጠብቃል፤ በቃ። ነፋስ ካላነቃነቀው በቀር ዳግመኛ የሚነካው የለም። ሳተላይቷ የኳታር ብትሆንም ከኳታር አናት ላይ አይደለችም። የቆመችው ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ደን በላይ፣ ከኪሳንጋኒ ከተማ ብዙም ሳትርቅ፣ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው። ከእሷ ላይ ገመድ ቁልቁል ቢለቀቅ ጫፉ የሚያርፈው ዶሃ ኮርኒሽ ላይ ሳይሆን ኮንጎ ውስጥ ነው።

ሐሳቡ ቀልድ ይምሰል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰላ ኖሯል። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1895 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፓሪሱን አይፍል ማማ መነሻ አድርጎ እስከ ጠፈር የሚዘልቅ ግንብ አሰበ። በ1960 ደግሞ የሶቪየቱ መሐንዲስ ዩሪ አርትሱታኖቭ ነገሩን ገለበጠው፦ ከምድር ወደ ላይ መገንባቱ ይቅርና ከሳተላይት ወደ ታች ገመድ እንልቀቅ አለ። ይህን ያወጣው በሙያ መጽሔት ሳይሆን «ኮምሶሞልስካያ ፕራቭዳ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ነበር። አሜሪካዊው ጀሮም ፒርሰን በ1975 ስሌቱን ለሙያተኞች አሳተመ፤ አርተር ሲ. ክላርክ በ1979 ልብ ወለድ ጻፈበት። «የጠፈር አሳንሰር» ከዚያ ወዲህ የጠፈር ወዳጆች ሁሉ መነጋገሪያ ነው።

ሐሳቡ ዛሬ የት እንደደረሰ ለማየት ዶሃ ጥሩ መነሻ ናት። ገመዱ ሊሰቀልበት በታሰበው ከፍታ ላይ፣ ለሬዲዮ አማተሮች (ለደስታቸው ብለው በሬዲዮ ለሚነጋገሩ ሰዎች) የተተወ መሣሪያ ከማንም ቀድማ ያስቀመጠችው ኳታር ስለሆነች ነው።

አማተሮች የደረሱበት ከፍታ

ኢስሃይል-2 በኅዳር 2018 ከፍሎሪዳ በፋልከን 9 ሮኬት መጠቀች። ዋና ሥራዋ የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው። ከንግዱ መሣሪያ ጎን ግን የሬዲዮ አማተሮች ብቻ የሚገለገሉበት ማስተላለፊያ ተገጥሞላታል። ይህ የኳታር አማተር ሬዲዮ ማኅበርና አምሳት የተባለው የጀርመን አማተሮች ማኅበር የጋራ ሥራ ነው። የኳታሩን ማኅበር የመሩት የቀድሞው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የኢነርጂ ሚኒስትር አብዱላህ ቢን ሐመድ አል አቲያህ ራሳቸው የሬዲዮ አማተር ናቸው። ማስተላለፊያው በየካቲት 2019 በይፋ ተመረቀ፤ ስሙም «ኳታር ኦስካር 100» ተባለ።

አማተሮች ኦስካር ያሏትን የመጀመሪያ ሳተላይታቸውን ያመጠቁት በ1961 ነው። ከዚያ ወዲህ የሠሯቸው ሳተላይቶች በአብዛኛው በዝቅተኛ ከፍታ የሚበሩ ነበሩ፤ አንዷ ብቅ ስትል አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ አነጋግራ ከአድማስ በታች ትገባለች። የኳታሯ ግን ቆማ ትጠብቃለች። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት ያገኛታል፤ አንታርክቲካ ያለው የጀርመኑ ኖይማየር ጣቢያ ሳይቀር በእሷ በኩል ይነጋገራል።

ለመስማት የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ የማይጠፋ ነው፦ ተራ የቴሌቪዥን ዲሽ፣ ዲሹ ላይ የሚገጠም ተራ ኤልኤንቢ፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ሬዲዮ መቀበያ። ለመናገር ፈቃድና ጥቂት ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ይጨመራል። ተናጋሪው ቃል ከአፉ ካወጣ ከሩብ ሰከንድ በኋላ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማዋል። ድምፁ እስኪመለስ ወደ 75,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ያው መንገድ በአሳንሰር ቢሆን፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ተሽከርካሪ ላይ ለመድረስ ብቻ ሰባት ቀን ተኩል ይፈጃል።

ለምን ቆመች? ለምንስ ኮንጎ ላይ?

ሳተላይት በፍጥነቷ ነው ከመውደቅ የምትድነው። ለምድር የቀረበች ከሆነች የስበቱ ጉተታ ይበረታል፤ ስለዚህ ፈጥና መዞር አለባት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያስመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከ600 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ ከፍታ ምድርን ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚፈጅባት። ራቅ እያሉ ሲሄዱ ዙሩ ይረዝማል። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ ዙር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። እኩል ስለሚዞሩ ሳተላይቷ ለእኛ የቆመች ትመስላለች።

ይሁንና የማንኛዋም ሳተላይት ምህዋር የምድርን እምብርት ማዕከል አድርጎ መዞር አለበት። ዶሃ ከምድር ወገብ 25 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነች፤ በዶሃ አናት ላይ ብቻ የሚዞር ምህዋር የለም። ከምድር ወገብ ያዘነበለ ምህዋር የያዘች ሳተላይት በየቀኑ ሰሜንና ደቡብ ትዋዥቃለች፤ ዲሽም ሲከተላት ይውላል። ሳትነቃነቅ የምትቆመው በምድር ወገብ ላይ ያለችው ብቻ ናት። አሳንሰር የሚያልሙ ሰዎች ዓይናቸውን ምድር ወገብ ወይም አጠገቡ ባለ ውቅያኖስ ላይ የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ገመዱን ምን ወጥሮ ይይዘዋል?

ከሳተላይቷ ገመድ ወደ ታች ብቻ ብንለቅ የገመዱ ክብደት ሳተላይቷን ይዟት ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ታች ስንለቅ ወደ ላይም መልቀቅ አለብን። ከ35,786 ኪሎ ሜትር በታች ስበቱ ያይላል፤ ከዚያ በላይ ግን የዙሩ ሽሽት ስበቱን ይበልጣል። የማሽላ ጠባቂ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ገመዱን ወጥሮ የሚይዘው ድንጋዩ ነው፤ እዚህም ክንዱ ምድር ነች፣ ድንጋዩ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ክብደት ነው። ኦባያሺ የተባለው የጃፓን የግንባታ ኩባንያ በ2012 ይፋ ባደረገው ንድፍ የገመዱ ርዝመት 96,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከግማሹ የሚበልጠው ከሳተላይቷ ከፍታ በላይ ይዘረጋል።

ከዚህ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ይከተላል። ተሳፋሪው 400 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚበርበት ከፍታ ቢወርድ አይንሳፈፍም፤ ቁልቁል ይወድቃል። የጣቢያውን ሰዎች የሚያንሳፍፋቸው ከፍታው ሳይሆን ፍጥነታቸው ነውና። ከ47,000 ኪሎ ሜትር ግድም በላይ የተለቀቀ መንኮራኩር ግን ሞተር ሳያስነሣ ከምድር ስበት ያመልጣል። ወደ ማርስ የሚሄድ ሰው ሮኬት ውስጥ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ምድር በመሽከርከሯ ትከፍልለታለች ማለት ነው። የአሳንሰሩ ወዳጆች ልባቸው የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው።

እንቅፋቱ ከፍታው ሳይሆን ክብደቱ ነው

የብረት ገመድ ከላይ ይዘን ቁልቁል ብንለቅቅ፣ ጠንካራ የሚባለው እንኳ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ሲደርስ በራሱ ክብደት ይበጠሳል። ቢወፍር አይረዳም፤ ጥንካሬው ሲጨምር ክብደቱም አብሮ ይጨምራል። ለጥይት መከላከያ ልብስ የሚውለው ኬቭላር ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይንጠለጠላል። ለጠፈር አሳንሰር የሚያስፈልገው ግን በምድር ገጽ ስበት ሲመዘን ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ስበት ወደ ላይ እየደከመ ስለሚሄድ እንጂ ቁጥሩ ከዚህም ይብስ ነበር። ገመዱን መሬት ላይ አቅጥኖ ሳተላይቷ ከፍታ ላይ ማወፈር ችግሩን ያቃልላል፤ በብረት ከተሠራ ግን ውፍረቱ ማንም ሊሠራው ወደማይችል መጠን ይሄዳል።

ተስፋ የመጣው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን ለዓለም ባስተዋወቀ ጊዜ ነው። አንዲት ቱቦ ለብቻዋ ስትፈተን የሚፈለገውን ጥንካሬ ትቀርባለች። ብራድሊ ኤድዋርድስ ከናሳ በተሰጠው ድጋፍ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእነዚህ ቱቦዎች ላይ የተመሠረተ 100,000 ኪሎ ሜትር ጥብጣብ ነደፈ። ነገር ግን በ2013 የቻይናው ጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳደጉት ረጅሙ ቱቦ ግማሽ ሜትር ገደማ ነበር። አጫጭሮቹን አንድ ላይ ሲፈትሏቸው ደግሞ አብዛኛው ጥንካሬ ይጠፋል።

ሁለተኛ ችግርም አለ። በምድር ወገብ ላይ ከሚዞሩት በቀር ማንኛዋም ሳተላይት በእያንዳንዱ ዙር የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ታቋርጣለች። ኢቲአርኤስኤስ-1ን የመሰሉ ሁሉ፣ ከተሰባበሩ ሮኬቶች ቁርጥራጭ ጋር፣ ገመዱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ይመላለሳሉ። ገመዱ ወይ መሸሽ መቻል አለበት፣ ወይ ተመትቶም የማይበጠስ መሆን አለበት።

የተዘረጉት ገመዶች

ትልቁ ሕልም ቢዘገይም ትንንሾቹ ገመዶች ጠፈር ላይ ተሞክረዋል። በ1966 የጀሚኒ 11 ጠፈርተኞች መንኮራኩራቸውን ከሌላ ሮኬት ጋር በ30 ሜትር ገመድ አስረው ቀስ ብለው በመሽከርከር እጅግ ትንሽ ሰው ሠራሽ ስበት ፈጠሩ። በየካቲት 1996 ኮሎምቢያ መንኮራኩር በጣሊያን የተሠራች ሳተላይት 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ባለው ገመድ ጫፍ ወደ ላይ ለቀቀች። ገመዱ ውስጡ መዳብ ስለነበረ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ 3,500 ቮልት አመነጨ። 19.7 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋ በኋላ መሸፈኛው በተጎዳበት ቦታ ብልጭታ ተነሥቶ ገመዱን አቃጠለው፤ ተበጠሰ። ሳተላይቷም ወደ ምድር ከመውደቅ ይልቅ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ላይ ተወነጨፈች።

ሙከራው ቢከሽፍም የተፈለገውን አሳይቷል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ገመድ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሳተላይቷ ፍጥነት ስለሆነ ሳተላይቷ ቀስ በቀስ ዝቅ ትላለች። ሥራዋን የጨረሰች ሳተላይት እንዲህ ያለ ገመድ ብትለቅ ያለ ነዳጅ ወርዳ ከባቢ አየር ውስጥ ትቃጠላለች። በ2007 ዬስ2 የተባለው የአውሮፓ ተማሪዎች ሙከራ ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ዘርግቷል። የጃፓኑ የ2017 ሙከራ ደግሞ ገመዱ ሳይለቀቅለት ቀርቷል።

እንግዲህ የጠፈር ገመድ በየትኛው በኩል ይጀምር ይሆን? እንደ እኔ ግምት ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው በክብደት ነው። መጀመሪያ የሚመጡት ቆሻሻ የሚያወርዱት አጫጭር ገመዶች ናቸው፤ ለእነሱ አዲስ ማቴሪያል አያስፈልግም። ቀጥሎ የጨረቃ አሳንሰር ነው። የጨረቃ ስበት ከምድር ስድስተኛ ስለሆነ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብርቱ ክሮች ይበቁታል፤ ፒርሰንም በ1979 ይህንኑ አቅርቦ ነበር። የምድሩ ከሁሉ ኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው የኳታሯን ሳተላይት ለማግኘት ዲሹን 72 ዲግሪ ያህል፣ ወደ አናቱ ማለት ይቻላል፣ ማቅናት አለበት፤ አምስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ደግሞ ይህን ሙያ ለሚወዱ መነሻ ነው። የኳታር ኦስካር ታሪክ ለእነዚህ ወዳጆች አንድ ነገር ያስተምራል፦ አማተሮቹ የራሳቸውን ግዙፍ ሳተላይት እስኪሠሩ አልጠበቁም፤ በተዘጋጀች የንግድ ሳተላይት ላይ ትንሽ ቦታ ለመኑና አገኙ። የገመዱም ሙከራ ከዚህ የተለየ መንገድ የሚኖረው አይመስለኝም። «የጠፈር አሳንሰር ተቃረበ» የሚል ዜና ሲመጣ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄም አንድ ነው፦ ክሩ በራሱ ክብደት ሳይበጠስ ስንት ኪሎ ሜትር ይንጠለጠላል? መልሱ በመቶዎች እስካለ ድረስ የጨረቃውን መጀመር ይቻላል፤ የምድሩ ወረቀት ላይ ይቆያል። በሺዎች የሚቆጠር መልስ የመጣ ቀን ኮንጎ ውስጥ የመሬት ዋጋ መጠየቅ ይጀመራል።