ዑመር በስንት ዓይነት ይጻፋል?

ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ የወይብ ወንዝ የሚሰወርበት ዋሻ ስሙ ሶፍ ዑመር ነው። በላቲን ፊደል የተጻፉ ካርታዎች ግን «ዑመር» የሚለውን አንዱ በ«ኦ»፣ ሌላው በ«ዩ» ይጀምሩታል። ዋሻው በዚህ የሚቀርበት ነገር የለም። ዑመር ለሚባል የባሌ ስንዴ ገበሬ ግን ነገሩ ይከብዳል።

እንዲህ እናስብ። የቀበሌ መታወቂያው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ተጽፏል። የባንክ ደብተሩን የከፈተለት ሠራተኛ ስሙን በእንግሊዝኛ እንደመሰለው አስፍሮታል። የጤና መድኅን ካርዱ ሌላ ፊደል ይዟል፤ የመሬት ደብተሩ የአያቱን ስም ዘሏል። መዝገቡ ወረቀት ሳለ ይህ ብዙም አያስቸግርም ነበር፤ ጸሐፊው ቀና ብሎ አይቶ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ግን ፊደል ለፊደል ነው የሚያመሳክረው። አንድ ፊደል ከተለየ ለእርሱ ሌላ ሰው ነው።

የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ ዓመቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተመዘገበበት በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጎልማሳ ሲወለድ የተጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚፈርድ መነሻ ሰነድ የለም ማለት ነው።

የመረጃ አስተዳደር የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ከመግዛትና መስመር ከመዘርጋት በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት፦ መረጃውን ማን ይመዘግባል? ማን ያየዋል? ለምን ሥራ? ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው? መቼስ ይጠፋል? ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ዶሴ ሲያወጣ ያስፈርም፣ ሲመለስም ይመዘግብ ነበር። ያ ፊርማ በኮምፒውተሩም ውስጥ መኖር አለበት፤ ማን መቼ የማንን መዝገብ እንደከፈተ የሚታይበት አሻራ ሊቀር ይገባል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ለስም መዘበራረቁ መፍትሔ ይዞ መጥቷል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረውን ብሔርም አይጠይቅም። ይህን እኔ ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው፤ ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም፣ ሰውንም ለመለየት አይውልም።

ቁጥሩ ግን አደጋም አለው። ባንኩን፣ ሐኪም ቤቱን፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን በአንድ ክር ሲያስተሳስር፣ ክሩን የያዘ ሰው የገበሬውን ሕይወት በሙሉ ሊያይ ይችላል። የማዳበሪያ ድርሻውን የሚያጣራ ሠራተኛ የጎባ ሆስፒታል ካርዱን የሚያይበት ምክንያት የለም። ደግሞም የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። የጣት አሻራ ግን አንዴ ከወጣ አይቀየርም።

ለዚህ ነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያስፈለገው። በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ማየትና ስሕተቱን ማሳረም መብቱ ነው። የጤናና የአሻራ መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ይሻል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይሁንና መብት አዲስ አበባ ተጽፎ ባሌ ካልተሰማ ዋጋ የለውም። አንድ ሰው «ፈቅጃለሁ» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ካልተነበበለት፣ ፈቃዱን እንደሰጠ ልቆጥረው አልችልም። ለማሳረም የሚሄድበት መስኮትም በወረዳው መኖር አለበት፤ ለአንዲት ፊደል ሮቤ ድረስ ተሳፍሮ ሊመላለስ አይገባም።

ስለዚህ የፋይዳ ምዝገባ ወረፋ ደርሶዎት ሲቀመጡ አይቸኩሉ። ስምዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ፊደል በፊደል ከስክሪኑ ያንብቡ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት ልጆች ያንብቡላቸው። የልደት ቀንዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደገባ ይጠይቁ። የተሳሳተ ካለ ከወንበሩ ሳይነሡ ያሳርሙ።